ከ«ጉተን ታግ» በፊት «ፍራይጌበን»

ጀርመን የገባ ሀበሻ በመጀመሪያው ሳምንት የሚለቅማት ጀርመንኛ ከሞላ ጎደል አንድ ናት። ጉተን ታግ፣ ዳንከ፣ ቢተ፣ ኢኽ ሃይሰ እገሌ፣ ኢኽ ኮመ አውስ ኤቲዮፒየን። አልጠላሁም። ሰላምታ የማያውቅ ሰው የትም አይዘልቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ትናንት ሙሉ ቀን ስትውሉ «ጉተን ታግ» ያላችሁት ለስንት ሰው ነው?

የባቡሩ ትኬት ስልክ ውስጥ ነው። ባንኩ ስልክ ውስጥ ነው። የሐኪም ተርሚን በድረ ገጽ ይያዛል። የመድኃኒት ማዘዣው ራሱ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ያቺ የምናውቃት ሮዝ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ኤሌክትሮኒክ ሆኗል። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮም በብዙ ከተማ በር አንኳኩቶ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በኢንተርኔት ፎርም ነው። ስለዚህ ከሰው ይልቅ ከእኛ ጋር ብዙ ጀርመንኛ የሚያወራው ስክሪን ነው። ስክሪን ደግሞ ሰላምታ አያውቅም። ቫይተር፣ ጹሩክ፣ አፕብሬኸን፣ በሽቴቲገን፣ ጹሽቲመን፣ ፍራይጌበን ነው የሚለው። ቀጥል፣ ተመለስ፣ አቋርጥ፣ አረጋግጥ፣ ተስማማ፣ ልቀቅ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ጀርመን የሚኖር ወይም ሊመጣ የተዘጋጀ ሰው ቡና ማዘዣውን ጀርመንኛ ከማጥናቱ በፊት የስልኩን ጀርመንኛ ያጥና። ቡና በጣት ጠቁሞም ይታዘዛል። ውል ግን በጣት ጠቁሞ ይፈረማል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ልማድ አለ። ስልካችን እንግሊዝኛ ነበር፣ እኛ ግን ቃሉን አንብበን አልተማርነውም። «ኦኬ» እና «ካንስል» ለብዙዎቻችን ሥዕል ናቸው። «አረንጓዴውን ንኪ፣ ቀዩን እንዳትነኪ፣ ከላይ በቀኝ ያለችውን ሦስት ነጥብ ተጫኚ» ተባብለን ነው ያደግነው። በቦታና በቀለም ስልክ መጠቀም ነውር የለውም፤ እናቶቻችን በዚህ ዘዴ ባሕር ማዶ ቪዲዮ ይደውላሉ። ጀርመን ስንመጣ ግን የንግድ ሰው ይህን ልማዳችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ትልቁንና ደማቁን ቁልፍ ለሚጠቅመው ነገር ያውለዋል፤ እኛን የሚጠቅመውን «አፕሌነን»፣ ማለትም «አልቀበልም» የሚለውን፣ ግራጫና ቀጭን አድርጎ ከሥር ይሸጉጠዋል። ቀለም እያየ የሚጫን ሰው በዚህ ጨዋታ ሁሌም ተሸናፊ ነው።

የሚገርመው፣ የጀርመን ሕግ አውጪም ቁልፍ ላይ የሚጻፍ ቃል ሕይወት እንደሚነካ ገብቶታል። ከኦገስት 2012 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሸማች የሚሸጥ ሁሉ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ «ጻሉንግስፍሊኽቲኽ በሽቴለን» የሚል ወይም እኩል ግልጽ የሆነ ቃል እንዲጽፍ ይገደዳል። ትርጉሙ «የመክፈል ግዴታ ገብቼ አዝዣለሁ» ማለት ነው። «የጽት ካውፈን» የሚለውም፣ «አሁን ግዛ»፣ ይበቃል። ቁልፉ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከሌለና «ቫይተር» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሸማቹን የሚያስር ውል አልተፈጠረም። አያችሁ፣ አገሩ በአንዲት ቃል ሊጠብቀን ሞክሯል። ጥበቃው የሚሠራው ግን ቃሏን ለሚያነብ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከጁላይ 2022 ጀምሮ የመጣው ነው። በኢንተርኔት የሚገባበት ዘላቂና ክፍያ ያለው ውል የሚያቀርብ ድርጅት እዚያው ድረ ገጹ ላይ «ፈርትሬገ ሂር ኩንዲገን» የሚል ቁልፍ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ። «ውሎችን እዚህ ሰርዝ» ማለት ነው። ከዚያ መረጃችሁን ሞልታችሁ «የጽት ኩንዲገን» ስትሉ ማረጋገጫው ወዲያው በጽሑፍ ሊላክላችሁ ይገባል። (ኩንዲገን ብዬ የጻፍኩት ፊደላችን የጀርመኖቹን ነጥብ ያለበትን «ኡ» ስለማይዝ ነው። ከንፈራችሁን «ኡ» እንደምትሉ አሹላችሁ «ኢ» በሉ፤ እሱ ነው።) ይህን ቁልፍ የማያውቅ ወገን ስንት ጊዜ ፖስታ ቤት ተሰልፎ የአደራ ደብዳቤ ልኳል? ስንቱስ ጭራሽ አልላከም፣ በየወሩ ከሒሳቡ 20 ምናምን ዩሮ ሲጎተት ዝም ብሎ ያያል? ኩንዲገን ደግሞ ለስልክ ብቻ አይደለችም። ቤት ስትለቁም፣ ሥራ ስትለቁም፣ አሠሪም ሲያሰናብታችሁ ያቺው ቃል ናት። ብሪፍ ላይ «ኩንዲጉንግ» የሚል ካያችሁ ሻይ አፍልታችሁ አታንብቡት፤ ቆማችሁ አንብቡት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አሳሳች ቃል አለ፦ «አቦ»። የእኛ ሰው አቦ ሲል ወይ ጻድቁን ነው ወይ ጓደኛውን። ጀርመን አቦ ሲል በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል ደንበኝነት ማለቱ ነው። «ፕሮበአቦ» ለሙከራ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጻ ይጀምርና ካልተሰረዘ ወደ ክፍያ ይዞራል። ዶይችላንድቲኬቱም ራሱ አቦ ነው። በ2023 በ49 ዩሮ ጀመረ፣ በ2025 58 ገባ፣ በ2026 63 ሆነ፤ በየወሩ መሰረዝ ቢቻልም እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልተሰረዘ የሚቀጥለው ወር ይከፈላል። በ11ኛው ቀን የሚሰርዝ ሀበሻ ብዛቱ!

ኢንተርኔት ላይ የተገባ ውል እንኳ 14 ቀን «ቪደሩፍ»፣ ማለትም የመሻር መብት አለው። ሱቅ ገብታችሁ የፈረማችሁት ግን በሕግ ይህ መብት የለውም። የማውቀው አንድ ወጣት ቻርጀር ሊገዛ አንድ የስልክ ሱቅ ገባ። ሻጩ ፈገግተኛ ነው፣ ታብሌት ዘረጋለት፣ ልጁም በጣቱ ፈረመ። ሲወጣ ቻርጀርም ነበረው፣ 24 ወር የሚያስከፍል ሁለተኛ ሲም ካርድም ነበረው። ስክሪኑ ላይ «ሚንደስትላውፍጻይት 24 ሞናተ» ተብሎ ነበር። «ሞናተ» ወር መሆኑን ያውቃል። «ላውፍጻይት» ግን ውሉ የሚቆይበት ጊዜ መሆኑን አላወቀም። ሻጩን እናማ እንችላለን፣ እኔም አምቼዋለሁ። ነገር ግን ከሐሜቱ በኋላ የሚከፍለው ልጁ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ነው። «ፍራይጌበን» ግን አንዴ ተጭኖ ሁሉን የሚወስድ ነው። ቃል በቃል «ነጻ አድርጎ መስጠት» ነው፤ የባንክ አፕ ላይ ሲመጣ «ይህን ክፍያ ፈቅጃለሁ፣ ይሂድ» ማለት ነው። አጭበርባሪዎች ይደውላሉ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ከሒሳብዎ ያልታወቀ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ነው፣ ለማገድ አሁን አፑ ላይ የሚመጣልዎትን ፍራይጌበን ይበሉ» ይላሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፣ ስማችሁንም ያውቁ ይሆናል። ቃሉን የሚያውቅ ሰው እዚያው ይነቃል፤ ለማገድ «ልቀቅ» የሚባል ነገር የለማ! ቃሉን በአረንጓዴ ቀለሙ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ይጫናል። እውነተኛ ባንክ ደውሎ ፍራይጌበን በሉ አይልም። ስልኩን ዝጉት፣ አፑ ላይ «አፕሌነን» በሉ፣ ከዚያ ካርዳችሁ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ለዜግነት ፈተና የተዘጋጀውን 310 ጥያቄ እንደ ዳዊት የሚወርድ ወገን አለን። ከ33ቱ 17 መልሶ ለማለፍ የቡንደስታጉን ሥራ፣ የክፍለ አገሩን አርማ፣ የግንቡን መፍረስ ሁሉ ያውቃል። ደስ ይላል። ይህን ያህል ቀለም የያዘ ጭንቅላት ፍራይጌበንን ሳያውቅ መቅረቱ ግን የማስተማሪያው ቅደም ተከተል ጥፋት ይመስለኛል። ኮርሱ የቤት ዕቃ ስም፣ የአትክልት ስም፣ የአየር ሁኔታ ያስተምራል። የባንክ አፕ ስክሪን ግን ሰሌዳ ላይ ሲሣል አላየሁም።

ቃላቱ ስንት ናቸው ብትሉ፣ በጣም ጥቂት ናቸው። ደግሞ እንደ እኛ ግሥ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው። «ሜልደን» ማሳወቅ ነው። አንሜልደን ስክሪን ላይ መግባት ነው፣ አፕሜልደን መውጣት ነው። ከስክሪን ስትወርዱም ያው ቃል ይከተላችኋል። አዲስ ቤት ስትገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሮ ሄዳችሁ የምትመዘገቡት «አንሜልዱንግ» ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ስታስገቡ ትአንሜልዳላችሁ፤ ታማችሁ ሥራ ስትቀሩ ደግሞ «ክራንክሜልደን» ነው። «ላደን» መጫን ነው። አውፍላደን ባትሪ መሙላትም፣ ካርድ መሙላትም። ሆኽላደን ፋይል ወደ ላይ መስቀል፣ ሄሩንተርላደን ወደ ታች ማውረድ። አይንላደን ሲሆን ደግሞ እንግዳ መጋበዝ ይሆናል፤ እሱን ለእሑድ አቆዩት። «ሽፓይኸርን» ሴቭ ማድረግ ነው። ሽፓይኸር በጥንቱ ትርጉሙ የእህል ጎተራ ነው። ስልኩ «ሽፓይኸር ፎል» ካለ ጎተራው ሞልቷል፣ አንዳንድ ቪዲዮ ሰርዙ ማለቱ ነው። መሰረዝ «ሎሸን» ነው፤ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ቁልፉ «ኤንትፍ» ይላል። ኮንትሮል የምንለው «ሽትርግ» ነው። ይህን «ስትሪንግ» እያለ የሚያነብ አውቃለሁ፣ ሳቅም አላልኩት፤ ራሱ ጀርመኑም አንዳንዴ እንደዚያ ይለዋል።

ኪቦርዱን ካነሳን አይቀር፣ ጀርመኖች የ«ዋይ»ን እና የ«ዜድ»ን ቦታ አለዋውጠዋል። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ ሳያይ የሚጽፍ ዮናስ «ዞናስ» ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘሪሁንም «የሪሁን»። ይህ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ገንዘብ ስታስተላልፉ ባንኩ የተቀባዩን ስምና የሒሳብ ቁጥሩን ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ያስጠነቅቃል። የይለፍ ቃላችሁ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ካለበት ደግሞ ሦስቴ ተሳስታችሁ ተቆልፎባችሁ ትቀራላችሁ፣ ጥፋቱንም አታገኙትም።

ስማችን ራሱ የራሱ ጣጣ አለው። ፎርሙ «ፎርናመ» እና «ናኽናመ» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። ባልና ሚስት የተለያየ ናኽናመ ስላላቸው ማስረዳት የግድ ነው። ዋናው ነገር ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መሙላት ነው። ልደት «ቴቴ.ኤምኤም.ዮትዮትዮትዮት» ሲል ታግ፣ ሞናት፣ ያር ማለቱ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ፦ ስልኩ ራሱ ሲጮህ። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው እንኳ ደንበኛ አገልግሎት ሲደውል ላብ ያጠምቀዋል። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ማሽን «ድሩከን ዚ ዲ አይንስ» ይላል፤ አንድን ይጫኑ። «ሌገን ዚ ኒኽት አውፍ» ካለ አይዝጉ ማለት ነው። ከዚያ ሰው ይመጣና ስምና ኢሜይል ይጠይቃል። እዚህ ላይ የጀርመኖችን ፊደል መጥሪያ የሚያውቅ ንጉሥ ነው። አ እንደ አንቶን፣ ቤ እንደ ቤርታ እያሉ ነው ስም የሚነግሩት። በነገራችን ላይ ይህ ዝርዝር ታሪክ አለበት። በ1934 ናዚዎች የአይሁድ ናቸው ያሏቸውን ስሞች አወጡ፤ ለ«ኤን» ናታን የነበረው ኖርድፖል ሆነ፣ ለ«ዴ» ዳዊት የነበረው ዶራ። በ2022 ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የወጣው አዲሱ ደንብ የሰው ስም ትቶ ከተሞችን አደረገ፦ አኽን፣ በርሊን፣ ኬምኒጽ። ስልክ ላይ ግን ሰው አሁንም አንቶንና ቤርታ ነው የሚለው። የራሳችሁን ስም በዚህ መንገድ ጽፋችሁ በቃላችሁ ያዙት። አንድ ማታ ይበቃል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ኢሜይል ስትናገሩ ነጥብ «ፑንክት» ነው፣ የታችኛው ሰረዝ «ኡንተርሽትሪኽ»፣ መካከለኛው «ቢንደሽትሪኽ»። ቁጥር ላይ ደግሞ ጀርመን 47ን «ሰባትና አርባ» ብሎ ነው የሚገለብጠው፤ ስለዚህ ኮድ ሲነግሯችሁ «አይንጽልን ቢተ» በሉ፣ አንድ በአንድ እባክዎ። ጽቫይ እና ድራይ ስልክ ላይ ስለሚመሳሰሉ ለሁለት «ጽቮ» ይላሉ፣ ሌላ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ስትጨርሱም አውፍ ቪደርዜን አይደለም፣ አትተያዩማ፤ «አውፍ ቪደርሆረን» ነው።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ትርጉም አፕ አለ፣ ስልኬንም እንግሊዝኛ አድርጌዋለሁ» የሚሉኝ አሉ። ትርጉም አፕ ለወረቀት ብሪፍ ድንቅ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ስልኩን በስልኩ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፣ ስክሪንሾት እያነሳችሁ ስትመላለሱ ደግሞ ገጹ ጊዜው አልፎበት ከመጀመሪያ ጀምሩ ይላችኋል። የባንክ አፕማ ብዙውን ጊዜ ስክሪንሾትም አይፈቅድም። ስልካችሁን እንግሊዝኛ ማድረግም የስልኩን ሜኑ ነው የሚቀይረው እንጂ የቢሮውን ድረ ገጽ አይቀይርም።

ሌላው መልስ «ልጄ ታደርግልኛለች» የሚል ነው። ይህ ነው ከሁሉ የሚያመኝ። የእናቷን የማኅፀን ምርመራ ውጤት ከአፑ ላይ የምታነብ የ11 ዓመት ልጅ ያለችበት ቤት አውቃለሁ። የኪራይ ዕዳ ማስጠንቀቂያውን፣ «ማኑንግ» የሚባለውን፣ ከአባቷ በፊት የምታየው እሷ ናት። ልጅ መርዳቷ መልካም ነው፣ ሀበሻ ልጁን መላክ ይወዳል። ነገር ግን ዳቦ ግዢ ብሎ መላክና የቤቱን ገበና ሁሉ ሸክም ማድረግ አንድ አይደለም። ወላጅም በልጁ ፊት ቀስ እያለ ያንሳል፤ ሲቆጣ «እሺ፣ ያንተን ፓስዎርድ ግን እኔ ነኝ የማውቀው» የሚል ዓይን ያያል።

ልጅ ለሌለው ደግሞ «አንድ ወንድማችን» አለ። ኢሜይሉን የከፈተለት፣ ኮዱ ወደ እሱ ስልክ የሚሄድ፣ የይለፍ ቃሉን የያዘ ደግ ሰው። ደግነቱን አልክድም። ግን ወንድማችን ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ ወይ ይኳረፋሉ። ያን ጊዜ የጤና መድኑም፣ ተርሚኑም፣ የባንኩም ደብዳቤ ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የረዳችሁን ሰው አመስግኑት፣ ግን ዛሬውኑ «ፓስቮርት ኤንደርን» የሚለውን አብራችሁ ጫኑና የመልሶ ማግኛውን ስልክ ቁጥር ወደ ራሳችሁ አዙሩት።

እንዴት እንጀምር ላላችሁኝ፣ ኮርስ አያስፈልግም። ባንኩን አትንኩ መጀመሪያ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ቴሌግራም ጀርመንኛ አድርጉት። ቁልፎቹ የት እንዳሉ ጣታችሁ ያውቃል፤ ያ በቀለምና በቦታ የመጫን ልማዳችን እዚህ ላይ አስተማሪ ይሆናል። ሪፕላይ የነበረበት ቦታ «አንትቮርተን» ታያላችሁ፣ ፎርዋርድ የነበረበት «ቫይተርላይተን»፣ ዲሊት የነበረበት «ሎሸን»። ማንም ሳይተረጉምላችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርታውን፣ ከዚያ ስልኩን ሙሉ። ባንኩ በመጨረሻ ይምጣ፤ እስከዚያ ቃላቱ የዘመድ ያህል ይለመዳሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለትዳር ቪዛ ኤ አይንስ የምታጠኑትም ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። እዚያ ተሳስታችሁ ብትጫኑ ማንም 24 ወር አያስርባችሁም። የፈተናውን መጽሐፍ ሳትተዉ ስልካችሁን ዛሬ ቀይሩት፣ ባለቤታችሁ ጋ ስትደዋወሉም «አኩ ኢስት ሌር» በሉት፣ ባትሪዬ አልቋል፤ «ኢኽ ሃበ ካይን ኔጽ» በሉት፣ ኔትወርክ የለኝም። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠቀሙባቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ጠፍቶባችሁ ወደ አማርኛ መመለስ ከፈለጋችሁ ደግሞ የጥርስ ምልክቷን ፈልጉ፣ «አይንሽቴሉንገን» ትላለች፣ እዚያ ውስጥ «ሽፕራኸ» የሚለውን ተጫኑ።